«አይዞሽ» ካኑላ አያስገባም፦ በነርሲንግ ተማሪዎች በራስ መተማመንና በኦንላይን ውጤት ላይ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በነርሲንግ መምህራንና ተማሪዎች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ትምህርቱ ከግቢ ወጥቶ በስልክ በተሰጠበት ጊዜ በራሳቸው የሚተማመኑ ተማሪዎች ከፍ ያለ ውጤት አምጥተዋል፤ ስለዚህ መምህሩ ከሁሉ በፊት የተማሪውን በራስ መተማመን ይገንባ፣ ውጤቱ ተከትሎ ይመጣል። ከዚህ ሐሳብ አምስት ነገር ይመዛል። የክፍሉ አማካይ ውጤት ማደጉ የኦንላይኑን ስኬት ያሳያል፤ የፕሮሲጀር (በታካሚ ላይ በእጅ የሚሠራ ሥራ) ቪዲዮ ስኪል ላብን፣ ማለትም የእጅ ሥራ መለማመጃ ክፍልን፣ ሊተካ ይችላል፤ ዝም ያለ ተማሪ መተማመን የጎደለው ነው፤ ዋናው መድኃኒት ማበረታቻ ነው፤ «ኔትወርክ የለም» የሚለው ደግሞ ሰበብ ነው፣ የፈለገ መንገድ አያጣም።

ጸሐፊው ለተማሪ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የመለሱት መልስ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ነርሲንግ ደግሞ ይህ ስህተት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀርበት ሙያ አይደለም።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ጽሑፉ «በራስ መተማመን» ሲል አንዴ ድፍረትን፣ አንዴ አለመጨነቅን፣ አንዴ ደግሞ ሥራን እወጣዋለሁ የሚል እምነትን ይላል። ሦስቱ ለየቅል ናቸው። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ በነርሲንግ ትምህርት ላይ የሚጻፉ ጥናቶችም አብዝተው የሚደገፉበት ሐሳብ ሦስተኛው ነው፦ «ይህን ሥራ፣ በዚህ ሁኔታ፣ እችለዋለሁ» የሚል እምነት። ከሥራው ተነጥሎ ብቻውን አይቆምም። ደም ግፊት ለመለካት የማታመነታ ተማሪ የሽንት ካቴተር (ቱቦ) አስገቢ ስትባል እጇ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ሰውየዋ ግን ያችው ናት። «በራስህ ምን ያህል ትተማመናለህ? ከ1 እስከ 5» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከጂፒኤ ጋር ማጋጠም ታዲያ የቱን መለካት ነው?

ባንዱራ የዚህ እምነት ምንጮች አራት ናቸው ይላል። ትልቁ ራስ ሠርቶ መሳካት ነው። ከዚያ የእኩያን ሥራ ማየት፣ ከዚያ የሌላ ሰው ማበረታቻ፣ በመጨረሻም የገዛ ሰውነት ስሜት፣ ማለትም የልብ ምቱ፣ ላቡ፣ ድካሙ። በመጋቢት 2012 ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ፣ ወደ ደራ፣ በጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ደቅ ደሴት የተመለሰው ተማሪ ያጣው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ተሸራርፎ ቀረ፤ በቪዲዮ የሚታየው እኩያ ሳይሆን ዓመታት የሠራ ባለሙያ ነውና፣ «እሱ ከቻለ እኔም» ለማለት አያደፋፍርም። ሳይነካ የተረፈው ሦስተኛው፣ ማበረታቻው ብቻ ነው። ጽሑፉ መድኃኒት ብሎ ያቀረበውም ይህንኑ ነው። የተገኘውን ሁሉ መድኃኒት ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

መተማመንና ውጤት አብረው መታየታቸውን አንክድም። ሁለቱንም በአንድ ቀን በአንድ መጠይቅ የጠየቀ ሰው ግን የትኛው የትኛውን እንደወለደ ሊናገር አይችልም። ባለፈው ሴሚስተር 3.6 ያመጣ ተማሪ ዘንድሮ በራሱ ቢተማመን ምን ይገርማል? የራሱ ስልክ፣ የራሱ ክፍልና የማይቆራረጥ መብራት ያለው ደግሞ ውጤቱንም መተማመኑንም አንድ ላይ ያገኛል፤ አንዱ ሌላውን ሳይወልደው። ለመለየት የሚፈልግ መምህር ቢያንስ ሦስት ነገር ያድርግ። የቀድሞውን ጂፒኤ ይያዝ። ጥያቄውን በሴሚስተሩ መጀመሪያም መጨረሻም ይጠይቅ። «በራስህ» የሚለውን ትቶ በፕሮሲጀር በፕሮሲጀር ይዘርዝረው፦ ቫይታል ሳይን (ደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት)፣ የጡንቻ መርፌ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ)፣ ቁስል ማጠብ፣ ካቴተር።

ወደ «አማካይ ውጤቱ አደገ» እንምጣ። እዚህ ላይ ጽሑፉ ሊጠይቀው የሚገባውን አንድ ጥያቄ ዘሏል፦ ፈተናው ያው ፈተና ነበር ወይ? ባለአራት ምርጫ ፈተና በስልክ ሲሰጥ የመጀመሪያው ተማሪ ስክሪኑን አንስቶ ቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለመጣል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። የውጤት እርከናችን ቋሚ በመሆኑ ደግሞ የሾለከችው መልስ በቀጥታ ወደ ሆሄ ውጤት (ኤ፣ ቢ) ትለወጣለች፤ ውጤትን ከክፍሉ ጋር አነጻጽሮ የሚያስተካክል ስሌት (ከርቭ) የለም። ይህን በሐሜት ሳይሆን በቁጥር ማየት ይቻላል። 60 ተማሪ ያለውን ክፍል በጠቅላላ ውጤት ደርድሩና ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታችም 27 በመቶውን ለዩ፤ 16፣ 16 ተማሪ ይሆናል። አንድን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ከላይኞቹ 14፣ ከታችኞቹ 7 መለሱት እንበል፤ ልዩነቱ 7፣ ለ16 ሲካፈል 0.44፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያው ጥያቄ ኦንላይን ሲሰጥ ከላይ 16፣ ከታች 15 ከመለሱት 0.06 ይሆናል። ከ0.2 በታች የወረደ ጥያቄ የሚያውቀውን ከማያውቀው አይለይም። ሁሉም ተምረውት ይሆን ወይስ መልሱ ዞሮ ይሆን? ለማወቅ የስሌት ጥያቄውን የታካሚ ክብደት በእያንዳንዱ ተማሪ የመታወቂያ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ላይ መመሥረት ይበቃል። መልሱ ለእያንዳንዱ የተለየ ይሆናል፤ አማካዩ ባንድ ጊዜ ቢያሽቆለቁል የበፊቱ ዕድገት ከየት እንደመጣ ታወቀ ማለት ነው።

ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና እንደ ማስረጃ የሚያነሡም አሉ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ጥያቄው ምርጫ ነው፤ እጅ አይፈትንም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቪዲዮው። የሕክምና ትምህርት ምሁሩ ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያን ብቃት በአራት እርከን ከፍሎት ነበር፦ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ ሠርቶ ያሳያል፤ በሥራ ላይ ይሠራል። ቪዲዮ ሁለተኛው እርከን ላይ ያደርሳል፣ ያውም በደንብ። ወደ ሦስተኛው ግን አያሻግርም። ለምን እንደማያሻግር በሁለት ሥራዎች እንየው።

ደም ግፊት መለካት ቀላል ይመስላል። ቪዲዮው ማሰሪያው ሲጠመጠም፣ አየር ሲሞላ፣ የመለኪያው መርፌ ሲወርድ ያሳያል። የማያሳየው የጣት ሥራውን ነው። ቫልቩ ምን ያህል ሲላላ መርፌው በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር (የሜርኩሪ) እንደሚወርድ በዓይን አይለመድም። ጀማሪ አላልቶ ይለቀዋል፤ መርፌው በየሰከንዱ 10 እየዘለለ ሲወርድ የላይኛው ቁጥር ከእውነተኛው ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ብሎ ይነበባል። ጠባብ እጅጌ ያለው ቀሚስ የለበሱ እናት ሲመጡ እጅጌው ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዱን እንደ ገመድ ያስረዋል፤ ማሰሪያው ከዚያ በታች ይገባል። ክንዱ ካልተደገፈና ከልብ ከፍታ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከወረደ ንባቡ በ8 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ማሰሪያው ለወፍራም ክንድ ከጠበበም እንዲሁ ከፍ ያደርጋል፤ የውስጡ ፊኛ ስፋት የክንዱን ዙሪያ 40 በመቶ፣ ርዝመቱ 80 በመቶ ሊሸፍን ይገባል። በእጅ አንጓ ላይ የልብ ምቱን ዳብሶ የሚጠፋበትን ቁጥር ሳይይዝ በዘፈቀደ 160 ላይ የሚያቆም ተማሪ 190 ያላቸውን ሰው ያሳልፋል፤ ምቱ ከጠፋበት ከ20 እስከ 30 በላይ መሙላት ያለበት ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ቪዲዮ ብቻ ያየ ተማሪ በመጠይቁ ላይ «5» ብሎ ይሞላል። ቻርቱን ስታዩት 120/80፣ 110/70፣ 120/80 ይላል። ሁሉም በዜሮ ያልቃል።

ካኑላም ያው ነው። ባለሮዙ 20 ቁጥር ካኑላ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ማዕዘን ቆዳን አልፎ ይገባል፤ ደም በመያዣው ውስጥ ብቅ ይላል። እዚህ ላይ ተማሪው ሁለት ነገር ይሳሳታል። አንዱ ደሙን እንዳየ ይቆምና ፕላስቲኩን ይገፋል፤ የመርፌው ጫፍ ደም ሥሩ ውስጥ ገብቷል፣ ፕላስቲኩ ግን ገና ደጅ ነው፤ አይገፋም፣ ይጠማዘዛል። ሌላው ማዕዘኑን ሳያወርድ መግፋቱን ይቀጥላል፤ የደም ሥሩን የጀርባ ግድግዳ ይወጋና ፈሳሹ ሲከፈት ቦታው ያብጣል። ደም ሲታይ ማዕዘኑን ዝቅ አድርጎ 2 ሚሊሜትር ያህል መጨመር፣ ከዚያ መርፌውን ይዞ ፕላስቲኩን ብቻ ማንሸራተት፣ መርፌው ሳይወጣ ቱርኒኬቱን (የክንዱን ማሰሪያ) መፍታት። ያቺ የ2 ሚሊሜትር ስሜት የምትገኘው ከሞዴል ክንድ፣ በኋላም ከሰው ክንድ ነው። ስልክ ላይ መቶ ጊዜ ብታይ አትገኝም።

በኦንላይን የሚሰጥ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው እያልን አይደለም፤ ስሌት በስልክ በደንብ ይሰጣል፣ ከክፍልም የተሻለ ሊሆን ይችላል። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት፣ በአንድ ሚሊ 20 ጠብታ በሚጥል የፈሳሽ መስጫ ቱቦ፦ 1000 ሲባዛ በ20፣ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 42 ጠብታ በደቂቃ። በየዕለቱ አምስት እንዲህ ያለ ጥያቄ በጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። የጣና ዳርቻ ሜዳ፣ ፎገራና ደምቢያ፣ የወባ አገር ነው፤ በጽኑ ወባ የመጣ 16 ኪሎ ሕፃን ተብሎ ይጠየቅ። ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ የአርቴሱኔት (የጽኑ ወባ መርፌ) መጠን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ነው (ከዚያ በላይ 2.4)፤ ስለዚህ 48 ሚሊ ግራም። ተማሪው መለሰ፣ አገኘ። ቫያሉ (የመድኃኒቱ ጠርሙስ) ፊት ግን ሌላ ጉዳይ ይጀምራል። የ60 ሚሊ ግራሙ ዱቄት በ1 ሚሊ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሟሟል፤ ጠርቶ እስኪታይ ይጠበቃል። በደም ሥር ከሆነ 5 ሚሊ ሳላይን (የጨው ውኃ) ይጨመርና በሚሊ 10 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በጡንቻ ከሆነ 2 ሚሊ ብቻ፣ በሚሊ 20። ለልጁ በደም ሥር 4.8፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 5 ሚሊ ይሰጣል። በ5 ሚሊ አቅጥኖ የጡንቻውን 2.4 ሚሊ የቀዳ ተማሪ ለልጁ 24 ሚሊ ግራም፣ የሚገባውን ግማሽ ሰጠው። በፈተናው 10 ከ10 ነበረው፤ ይህን ስህተት የሚሠራውም ፈተናው በሰጠው ልበ ሙሉነት ነው። እኛን የሚያስፈራን መተማመን ያነሰው ሳይሆን ይሄኛው ነው።

ስለ ዝምታ ብዙ አንልም። ካሜራ ያጠፋ ተማሪ አያቱ፣ ታናናሾቹና እንግዳ ባሉበት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ በእኛ አገር ደግሞ መምህር እየተናገረ ማቋረጥ ከነውር የሚቆጥሩ ቤቶች ሞልተዋል። በቴሌግራም ቡድን ውስጥ አብዝቶ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ብዙ ዳታ ያለው ነው። ስም የማያወጣ የምርጫ ድምፅ ማስከፈት፣ ወይም ለእያንዳንዱ በግል አንድ ጥያቄ መላክ ዝምተኛውን በሁለት ቀን ያሳውቃል።

ማበረታቻ። «ጎበዝ»፣ «በርቺ»፣ «ትችላላችሁ» ደግ ቃላት ናቸው፤ ማንም አይጠላቸውም። ነገር ግን ተማሪዋ የቱን እንደቻለች አይነግሯትም። «ማሰሪያውን ከታካሚው ክርን መታጠፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በላይ ማድረግሽ ትክክል ነው፤ ቫልቩን ግን ፈጥነሽ ከፍተሻል፤ ነገ ከ160 እስከ 60 ለመውረድ 40 ሰከንድ ያህል ውሰጂ» የሚል መልስ ግን ነገ የምትሠራውን ይሰጣታል። እንዲህ ያለ መልስ ሥራው በታየ በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረሰ ተማሪዋ የሠራችውን ረስታዋለች። 60 ተማሪ ላለው አንድ መምህር ይህ ከባድ ነው፤ ለዚህ ነው ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በቼክሊስት እርስ በርስ እንዲገማገሙ ማድረግ፣ መምህሩም በየሳምንቱ አንድ አምስተኛውን ብቻ ማየት የሚያዋጣው።

የኔትወርኩ ነጥብ ይበልጥ አሳዝኖናል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ መንገድ ያጣ ተማሪ ያልፈለገ አልነበረም። ኢንተርኔቱ ባለበትም ቢሆን ሒሳቡ ይሠራ፦ የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል፤ የ10 ደቂቃ ድምፅ ግን ከ2 እስከ 3 ሜጋባይት ነው። በሳምንት አምስት ኮርስ በቪዲዮ የሚያስተምር ክፍል ማን እንደሚቀርበት ቀድሞ መርጧል ማለት ነው። ኮርሱን በአጭር ድምፅ፣ በሁለት ገጽ ጽሑፍና ዝቅ ባለ ጥራት በተጨመቀ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ መክፈል፣ ጠቅላላውንም በሚሞሪ ካርድ ገልብጦ ከመለያየት በፊት ማደል ይቻላል። ካርዱ ደቅ ደሴትም ይሠራል።

ቤት ውስጥ የሚለመድ ሥራም አለ፤ ጽሑፉ ይህን ቢያነሣ ኖሮ ግማሽ መንገድ አብረነው በሄድን። ትንፋሽ መቁጠር መሣሪያ አይፈልግም፤ የተኛ ሕፃን ደረት ሙሉ 60 ሰከንድ ይታያል። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለው 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የአንድ ትንፋሽ ስህተትን አራት ያደርጋታል፤ በልምምድ ላይ ሁለቱን አወዳድሮ መመዝገብ ነገሩን ያለ ብዙ ማብራሪያ ያሳያል። እጅ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጓንት ማጥለቅ በአንድ ጥንድ፣ የልብ ምት መቁጠር፣ ሁሉም በስልክ ተቀርጸው በቼክሊስት ይታያሉ። መርፌ ያለበት ምንም ነገር ግን ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ ጎረቤት «እስቲ አንተ ወጋኝ» ብሎ ቢለምንም።

ተማሪው ሲመለስ የሚደረገው ነው ከሁሉ የሚበልጠው። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ (አታችመንት) ከመውጣቱ በፊት አምስት ቀን ለስኪል ላብ ይተው። በየፕሮሲጀሩ ተማሪው መጀመሪያ ከ0 እስከ 10 መተማመኑን ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያው በቼክሊስት ፊት ይሠራል። ቼክሊስቱ ላይ ሊዘለሉ የማይችሉት ነጥቦች በኮከብ ይለዩ፦ የታካሚ ማንነት ማረጋገጥ፣ የእጅ ንጽሕና፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ መርፌውን ወደ ሹል ማስወገጃ ሣጥን መጣል። ከእነዚህ አንዷ ከቀረች ሌላው 18 ከ20 ቢሆንም አላለፈም። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪዎቹ አራት ቦታ ይከፈላሉ። ተማምኖ በትክክል የሠራ ወደ ዋርድ (ወደ ታካሚዎች ክፍል) ይሂድ። ሳይተማመን በትክክል የሠራ ማበረታቻ የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ ጸሐፊው ያሰቧቸው ተማሪዎች እነዚህ ይመስሉናል፣ ለእነሱም ምክራቸው ትክክል ነው። ሳይተማመን ያልቻለ ልምምድ ይጨመርለት፤ ራሱን ያውቃልና አያስቸግርም።

አራተኛው፣ 9 ብሎ ጽፎ ኮከብ ያለባትን የዘለለው ነው። እሱን ጮክ ብሎ መገሠጽ መልሶ ይደብቀዋል። ሲሠራ የተቀረጸውን ቪዲዮና ባዶ ቼክሊስት ይሰጠውና ራሱ ይሙላ፤ የዘለላትን ነጥብ ራሱ ያገኛታል። ከዚያ በማግሥቱ ይደግም፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሳይሳሳት እስኪሠራ የልምምድ መዝገቡ (ሎግ ቡክ) ላይ ለዚያ ፕሮሲጀር ፊርማ አይውጣለት፤ ዋርድ ቢገባም ያንን ፕሮሲጀር በመመልከት ብቻ ይቆይ። ለዚህ አንድ መምህር ከስምንት ተማሪ በላይ መያዝ የለበትም፤ አምስቱ ቀን በዚያ ካልበቃ ወደ ሰባት ይዘርጋ።